ይርጋ ማነው?

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ድረ ገጹ «ክርክር ያለበት ሰው የሚሆነውን ሁሉ በቀን በቀኑ ይጻፍ፤ ቁጣውን ትቶ ፍሬ ነገሩን» ይላል። እሺ። ቁጣውን ለመተው እሞክራለሁ፤ ፍሬ ነገሩ ግን ራሱ ያስቆጣል።

ሰኞ ጠዋት ነው። የዳቦ ጋጋሪውን ፊት ግማሹን ላጭቼ ግማሹ ገና አረፋ ውስጥ እያለ፣ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ በሩ ላይ ቆመና ስሜን ከነአባቴ ጠራ። ስሜን ከነአባቴ የሚጠራኝ ሐኪምና መንግሥት ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ አላመመኝም። በአረፋ እጄ ፈረምኩ። መጥሪያ ሆኖ ተገኘ። ከሳሽ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው፣ ተከሳሽ እኔ። የክሱ ርዕስ «ሁከት ይወገድልኝ» ይላል። ጋጋሪው አረፋውን እንደለበሰ አንገቱን አስግጎ አነበበና፣ «ሁከቱ አንተ ነህ?» አለኝ።

ሁከቱ እኔ ሳልሆን ከጓሮ ያሠራሁት የፀጉር ማጠቢያ ክፍል ነው። የመስኮቴን ብርሃን ስለጋረደ ይፍረስልኝ ይላል ሰውየው። ማጠቢያው ከፈረሰ ፀጉር ቤቴ አበቃለት። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ገንዳውን የማስቀምጥበት ሌላ ቦታ የለም፤ ደንበኛን ደጅ አውጥቼ በባልዲ ላጥብህ ብለው ደግሞ ነገ አይመለስም። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ሙያ አልጀምርም።

ስለ ከሳሽ። እኔ መርፌው ነው የምለው። ቀጭን ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ሲወጋም ድምፅ የለውም። እሱ እኔን ምላጩ ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ግድግዳ ተጋርተን ስንሠራ ዘመን አልፏል። የእሱን ፀጉር እኔ እንጂ ሌላ ሰው ቆርጦት አያውቅም፣ የእኔንም ወገብ እሱ እንጂ ሌላ ሰው ለክቶት አያውቅም። ለምን እንደከሰሰኝ አይገባኝም።

ማክሰኞ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። በጠራው ዋጋ ክፍሉን አፍርሼ፣ መልሼ ሠርቼ፣ እንደገና አፈርሰዋለሁ። ታላቅ እህቴ እታለም ይህን ስትሰማ ስልኬን ተቀበለችና አንድ ድረ ገጽ አወጣችልኝ። ሕግን በነፃ፣ በሰው አማርኛ የሚያስረዳ ነው። ከላዩ ላይ «ያለ ጠበቃ መከራከር ይችላሉ» ብሎ ይጀምራል። እኔ ያለ ጠበቃ መከራከር እንደምችል ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሕጉ መስማማቱ ነው አዲሱ ነገር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ቤቱ ሙሉ ነበር። ዛሬ ፀጉር ሊቆረጥ የመጣ ሁሉ ዳኛ ነበር።

የታክሲ ሾፌሩ፣ «ችሎት ላይ አትሳቅ። አንተ ስትስቅ ጥፋተኛ ትመስላለህ» አለኝ። ሳልስቅ ምን እንደምመስል ጠየቅሁት። «ያው ነው፣ ግን ያዘንክ» አለ። ጋጋሪው ደግሞ፣ «ለምን አትታረቁም? የሁለት ሽማግሌ ሁከት ምን ያደርጋል?» አለ። ሽማግሌ የሚለውን ለማሳወቅ ያህል ከጆሮው አካባቢ ሽበቱን ሳላሳጥርለት ለቀቅሁት።

ድረ ገጹ ላይ ያነበብኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ተከሳሽ በመልሱ ላይ በዝርዝር ያልካደው ነገር ሁሉ እንዳመነው ይቆጠራል። አባቶቻችን ዝም አይነቅዝም አሉ። ሕጉ ግን ይነቅዛል ነው የሚለው። ዕድሜዬን ሙሉ አፍህን ዝጋ ስባል ኖሬ፣ በመጨረሻ አፍህን ክፈት የሚለኝ መንግሥት አገኘሁ።

እቤት ስገባ እታለም፣ «ሻዩን ማን ጨረሰው?» አለች።

«ሻይ እንደነበረ እክዳለሁ። ኖሮ ከሆነም እኔ እንዳልጠጣሁት በዝርዝር እክዳለሁ» አልኳት።

«ከንፈርህ ላይ ስኳር አለ።»

«ስኳሩ ከዚህ ጉዳይ ጋር አይያያዝም።»

ቅዳሜ ከሰዓት የመርፌው ተራ ነበር፤ ከኅዳር ወዲህ አይመጣም። ዛሬ ሱቁን ሲቆልፍ አየሁት። ፀጉሩ ጆሮውን አልፏል። ከኋላ ኮሌታው ላይ መጠቅለል ጀምሯል። ሌላ ፀጉር ቤት ቢሄድ ማን ከለከለው? በዚህ መንገድ ላይ ብቻ ሦስት አሉ። የኔ ጉዳይ አይደለም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ሲሳይ ወረደልኝ። ገጹ ላይ እንዲህ ይላል፦ «እንዲህ ያለ ክስ ሁከቱ ከተፈጠረ ሁለት ዓመት ካለፈው በይርጋ ይታገዳል።» ክፍሉን ካሠራሁት ሦስት ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ይህን ክስ የሚያግድ ሰው አለ፣ ስሙም ይርጋ ይባላል። የአባቱን ስም አልጻፉትም፣ የሥራ ድርሻውንም አልጻፉትም። እንዲህ ያለ ሥልጣን ይዞ በአንድ ስም ብቻ የሚታወቅ ሰው ምን ያህል ቢከበር ነው አልኩ።

ደንበኞቼን ጠየቅሁ። የታክሲ ሾፌሩ፣ «አንድ ይርጋ አውቃለሁ። ግን የቧንቧ ሠራተኛ ነው» አለ።

«ክስ ያግዳል?»

«ቧንቧም በቅጡ አያግድም።»

ጋጋሪው ግን ሰውየው ትልቅ ሹም መሆኑን አልተጠራጠረም። «እንዲህ ያሉ ሰዎች ጠዋት ነው የሚገኙት፣ ማልደህ ሂድ» አለኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ማልጄ ሄድኩ። ባልሄድኩ ይሻለኝ ነበር።

መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ አንዲት ወጣት ሬጅስትራር ተቀምጣለች። ኮቴን አስተካክዬ፣ «አቶ ይርጋን ፈልጌ ነበር» አልኳት።

«የትኛውን ይርጋ?»

«ክስ የሚያግደውን።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወደ ታች ጎንበስ አለችና ከጠረጴዛው ሥር ትንሽ ቆየች። ስትነሳ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ጋሼ፣ ይርጋ ሰው አይደለም» አለችኝ።

«ሞተ?»

እንደገና ጎንበስ አለች።

ከዚያ በኋላ ግን በደንብ አስረዳችኝ፣ ትባረክ። መብት አለኝ የሚል ሰው ሳይጠይቅ ዓመታት ከቆየ ሕጉ በሩን ይዘጋበታል፤ ያ የበር መዘጋት ነው ይርጋ የሚባለው። ተከሳሹ በመልሱ ላይ ራሱ ካላነሳው ደግሞ ዳኛ አያነሳለትም። ስልኬን ተቀበለችና ገጹን በጣቷ ትንሽ ወደ ታች ሳበችው። «ይርጋ ማለት…» ብሎ እዚያው ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። እኔ ሲሳዩን ሳገኝ ማንበቤን አቁሜ ነበር።

«ከኔ በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቀሽ ሰው አለ?» አልኳት። እንዲያው አለ ብትለኝ ምን ነበረበት። «እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት» አለችኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ሥራ በዛ። ቶንዶሱ ጥርሱ ደነዘ። ይርጋን ጋጋሪው ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሶታል፤ ዛሬ ሁለት ሰው «ለአቶ ይርጋ ሰላም በልልን» ብሎኝ ሄደ። የኮቴ የቀኝ ኪስ ተተርትሮ ገበሩ ወጣ። በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት። ሰፊ ዘንድ የምሄድበት ጊዜ የለኝም።

እሑድ፣ የካቲት 16

ቀኑን ሙሉ መልሴን ስጽፍ ዋልኩ። ድረ ገጹ ናሙና አለው፤ ባዶ ቦታውን መሙላት ነው። አንዱ ባዶ ቦታ ላይ «የሆነውን ያለ ስድብ ይግለጹ» ይላል። መጀመሪያ ስምንት ገጽ ጻፍኩ። እታለም ስድቡን በቀይ ሰረዘችው፣ ግማሽ ገጽ ቀረ።

ከዚያ ቁጭ አለችና፣ «ኅዳር ላይ ያልከውን አትጽፈውም?» አለችኝ።

«ከጉዳዩ ጋር አይያያዝም።»

«እንደ ስኳሩ?»

እዚህ ግን መጻፍ ስላለብኝ እጽፈዋለሁ። ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ጋጋሪው የለበሰውን ሱሪ አሳየን። መርፌው ጥቁሩን ሱሪ በሰማያዊ ክር ሰፍቶለታል። እኔም፣ «መርፌው አሁን አሁን ክር የሚያስገባው በማየት ሳይሆን በመጸለይ ነው» አልኩ። ሰዉ በሳቅ ወደቀ። በመስታወቱ ስመለከት መርፌው ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በሩ ላይ ቆሟል። ለካስ ተራው ደርሶ ነበር። ዞሮ ሄደ።

ቀልዱ ጥሩ ቀልድ ነበር። አሁን ስጽፈው እንኳ ሳቄ ይመጣል። ትንሽ። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ሰው ልብሱን ሌላ ሰፊ ዘንድ መውሰድ መጀመሩ እውነት ነው፤ በኔ ቀልድ ምክንያት መሆኑን ግን በዝርዝር እክዳለሁ። እሱ ራሱ ክሱ ላይ «ስፌቴ የተበላሸው ብርሃን ስለተጋረደብኝ ነው» ብሏል። እንግዲያው የመጀመሪያዎቹን ዓመታት እንዴት ነው የሰፋው? ክፍሉ ያኔም ነበር። ብርሃኑም ያው ነው።

እዚህ ላይ የሆነ ነገር ልጽፍ ነበር፣ ጠፋኝ። እተኛለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ማስረጃ ችግር ሆነ። ክፍሉ መቼ እንደተሠራ የሚያውቅ ምስክር ማን አለ? ጡብ ያቀበለኝ መርፌው። መሰላል የያዘልኝ መርፌው። ቀለሙን «ይህ አያምርም፣ ያኛውን አድርገው» ብሎ የመረጠው መርፌው። ሰው ከሳሹን ለራሱ ምስክርነት መጥራት ይችል እንደሆነ ድረ ገጹ ላይ ፈለግሁ። ይችላል አይልም፣ አይችልም አይልም። እንዲህ ያለ ሰው አልገጠማቸውም መሰለኝ።

በኋላ ስልኬ ውስጥ ፎቶ አገኘሁ። ክፍሉ ያለቀ ዕለት የተነሳነው ነው፣ ቀኑም ከታች አለ። መርፌው ቡኒ ሹራቡን ለብሶ የቀለም ቆርቆሮ አናቱ ላይ ደፍቷል። በዚያው ዕለት ነበር የቆረጥኩት፣ አንገቱ ላይ ያለው መስመር ልክ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ጥሩ ሥራ ነው። ለመስመሩ ብዬ ነው ብዙ ጊዜ ያየሁት።

ዓርብ፣ የካቲት 21

መልሴን አስገባሁ። ይርጋን አንስቻለሁ፤ ፎቶውን አሳትሜ አያይዣለሁ። ሬጅስትራሯ ወረቀቱን ስትቀበል ኪሴ ላይ ያለውን መርፌ ቁልፍ አየችና፣ «ጋሼ፣ ከቀጠሮው በፊት ይሰፉት እንጂ፤ ሰፈርዎ ሰፊ የለም?» አለችኝ።

አለ አልኳት።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ምሳ ሰዓት፣ ደንበኛ የለም። ከግድግዳው ወዲያ የሴት ድምፅ ሰማሁ። መርፌው ቤት ሴት? ጆሮዬን ለጠፍኩ። (ድረ ገጹ ይህን አይከለክልም።) ሴትዮዋ ሳትተነፍስ ነው የምታወራው። «ያለ ጠበቃ መከራከር ይችላሉ» አለች።

የኔው ድረ ገጽ! እሱም ጠበቃ የለውም ማለት ነው። ስልኩ እያነበበለት ነው። ሰው ማንበብ እየቻለ ለምን ያስነብባል? እኔን ለማናደድ ነው ብዬ ደመደምኩ። ግን እኮ እንደምሰማው አያውቅም።

ሴትዮዋ ቀጠለች። «…ሁለት ዓመት ካለፈው በይርጋ ይታገዳል።» ስልኩ ዝም አለ። አቆማት መሰለኝ። ከዚያ መርፌው ብቻውን፣ ጮክ ብሎ፣ «ይርጋ ደግሞ ማነው?» አለ።

ፎጣ አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁ። ወንበሩ ላይ ወድቄ እግሬን አየር ላይ አወራጨሁ። «ወደ ታች ሳበው! ከታች ተጽፏል!» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ለተቃራኒ ወገን ምክር መስጠት ጅልነት መሆኑ ትዝ ሲለኝ ዋጥኩት። ከኅዳር ወዲህ እንዲህ ስቄ አላውቅም። ሳቁ ሲያልቅ ግን የምነግረው ሰው አጣሁ። ይህን ቀልድ በሙሉ ልቡ የሚስቅለት አንድ ሰው ነው ያለው፣ እሱም ከግድግዳው ወዲያ ይርጋን እየፈለገ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ዛሬ መንገድ ላይ ተገናኘን። ሰላም አላለኝም። ኩራቱ ነው ብዬ ነበር፤ በኋላ ሳስበው፣ የመንገዱን መብራት ምሰሶም ጎንበስ ብሎ ሰላም ብሎታል። ኩራት እንዲያ አያደርግም።

ፀጉሩ ደግሞ የሙዚቀኛ ሆኗል።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

ፍሬ ነገሩን እጽፋለሁ።

ችሎቱ ሰፊ ነው፣ በሁለት በኩል እስከ ጣሪያ መስኮት ነው፣ ፀሐይ ሞልቶበታል። ዳኛዋ መነጽር ያደረጉ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሴት ናቸው። ሁለታችንም ያለ ጠበቃ ቆምን። እሱ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ መጥቷል፣ ከኋላ ግን ብድግ ብድግ ብሏል። እጄ መቀስ ፈለገ። እሱ ደግሞ ኪሴ ላይ ያለው መርፌ ቁልፍ ብርሃን ሲመታው ብልጭ ማለቱን አየ መሰለኝ፣ ዓይኑ እዚያው ቀረ።

ዳኛዋ ሁለቱን ወረቀት አንብበው፣ «ሁለታችሁም ከአንድ ቦታ ነው የተማራችሁት» አሉ። የእሱ ክስ ላይ «የሆነውን ያለ ስድብ ይግለጹ» የሚለው ሳይጠፋ እንዳለ ቀርቷል። ሰው ሳቀ። መርፌው ምን እንደሆነ ስላልገባው ዙሪያውን አየ።

ከዚያ ፎቶዬን አስተላለፉለት። «ከሳሽ፣ ተከሳሽ ክፍሉ ከተሠራ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ክሱ በይርጋ ታግዷል ይላል። ይህንን ፎቶ ያውቁታል? ቀኑስ ትክክል ነው?»

ተቀበለው። አቀረበው። አራቀው። ወደ መስኮቱ አዞረው። «ብርሃኑ ትንሽ…» አለ። በዚያ ሁሉ ፀሐይ መካከል ቆሞ ብርሃኑ አለ። ፎቶውን ገልብጦ ነበር የያዘው፤ ሥሩ ወደ ላይ።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ስልኩ፣ ምሰሶው፣ ሰማያዊው ክር። ክፍሉን ማስፈረስ ለምን እንደፈለገ ገባኝ። ክፍሉ ከጋረደው ዓይኑ ደህና ነው ማለት ነዋ። ችሎቱ ሁሉ እሱን እያየ ነው፣ ልክ ያን ቅዳሜ ቤቴ እንደሞላው። እዚህም የሚስቅ ሊኖር ነው።

«ክቡር ፍርድ ቤት» አልኩ፣ ሳይፈቀድልኝ። «ፎቶው ሲታተም ተበላሽቷል። ደብዛዛ ነው። እኔ ራሴም አይታየኝም።»

ዳኛዋ ፎቶውን መልሰው ተቀበሉ። አዩት። የቀለም ቆርቆሮው ላይ ያለው ጽሑፍ እንኳ ይነበባል። «ተከሳሽ፣ የራስዎን ማስረጃ እየተቃወሙ ነው?»

«አዎ።»

«ይህ ከሌለ ይርጋውን በምን ሊያስረዱ ነው?»

«አላውቅም» አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል በሕይወቴ ሌላ የምጨምረው ነገር ያጣሁት። ማጠቢያዬ በዓይኔ ፊት ፈረሰ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው አንዴ እኔን አንዴ እሱን ተመለከቱ። «አንድ ሳምንት ሰጥቻችኋለሁ። ተነጋገሩ። ከተስማማችሁ ጽፋችሁ አምጡ፤ ካልተስማማችሁ እኔ ይህን ደብዛዛ ፎቶ በደንብ አየዋለሁ» አሉ።

ኮሪደሩ ላይ አንዱ አግዳሚ ወንበር ላይ እኔ ዳር፣ እሱ ዳር ተቀመጥን። ሬጅስትራሯ መዝገብ አቅፋ ስታልፍ፣ «ጋሼ፣ አቶ ይርጋን አገኟቸው?» አለችኝ።

መርፌው ቀና አለ። «አንተም ሰው መስሎህ ነበር?»

«ኮት ለብሼ ነው የጠየቅሁት» አልኩ።

ሳቁን ሊውጥ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ሁለታችንም አግዳሚው እስኪንቀጠቀጥ ሳቅን፣ ዘበኛው መጥቶ ፀጥ በሉ አለን። ሳቁ ሲበርድ መርፌው መሬት መሬቱን እያየ፣ «ፎቶው በደንብ ወጥቷል?» አለኝ።

«ወጥቷል።»

«ምን ለብሻለሁ?»

«ቡኒውን ሹራብ። የቀለም ቆርቆሮ አናትህ ላይ ደፍተህ።»

«ቆንጆ ነበርኩ?»

«ፀጉርህ» አልኩት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ድረ ገጹ የስምምነት ናሙናም አለው። ሳምንቱን ሙሉ ምሳ ሰዓት እኔ ቤት ተቀምጠን ሞላነው፤ እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይቃወማል። ክፍሉ አይፈርስም። በእሱ መስኮት በኩል ያለው የክፍሉ ግድግዳ የላይኛው ግማሽ መስታወት ይሆናል፣ ብርሃኑ ያልፋል። ማክሰኞ ዓይን ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን፤ ይህኛው ወረቀቱ ላይ አልሰፈረም። ትናንት ዳኛዋ አንብበው አጸደቁት። «የሆነውን ያለ ስድብ ይግለጹ» የሚለውን አሁንም ሳናጠፋው ቀርተናል።

ዛሬ ከሰዓት ተራው ደረሰ። ቤቱ ሙሉ ነበር። ጋጋሪው አለ፣ የታክሲ ሾፌሩ አለ። መርፌው ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ገባ፣ ወንበሩን በእጁ ዳሰሰና ተቀመጠ። ኮቴን ከማንጠልጠያው አውርዶ ጭኑ ላይ አደረገው፤ የተተረተረውን ኪስ በጣቱ ሲለካ ቆየ። መቀሴን አነሳሁ።

«ምላጩ» አለኝ በመስታወቱ በኩል፣ «ያ ቀልድህ ከተነገረ ምን ያህል ሆነው?»

«ከኅዳር ወዲህ ነው።»

«እንግዲያው ሁለት ዓመት አልሞላውም። ይርጋ አያግደኝም። ልከስህ እችላለሁ።»

ጋጋሪው ትንፋሹን ያዘ። መካድ እችል ነበር። በዝርዝር መካድ አውቅበታለሁ፤ የማይያያዝ ስኳር ሞልቶኛል።

«አምኛለሁ» አልኩ።

መርፌው ራሱን ወደ ድምፄ አዘነበለ።

«በጆሮዬ ላይ ያለውን ፀጉር መጀመሪያ ቁረጠው» አለኝ። «በደንብ አልሰማሁህም። ከዚያ ድገመው።»

ቆረጥኩት፤ ደገምኩት።